ከግድግዳው ሥር የሚያድሩት የድውር አምባ ወንዶች

ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው ለማንም ነግሬ አላውቅም። መጀመሪያውንና መካከሉን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ዘንድ የቀረው መጨረሻው ነው። የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የሰሙት ሲሆን፣ ከቤታችን ሴት ልጅ በቀር ለሌላ እንዳላወጣው ቃል አስገብታኛለች። እኔ ሴት ልጅ አልወለድኩም። አስተማሪ ብሆንም ከተማሪ ፊት ካልሆነ በቀር ድምፄ አይወጣም፤ ሰው ሲያየኝ የማወራው ይጠፋኛል። ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ።

ድውር አምባ ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ ሰዉ በሽመናና በገብስ የሚኖርበት ብርዳም ደጋ ነው። አዲስ ቤት ሲሠራ የደረሰ እንግዳ የሚያየው ነገር ግር ይለዋል። ግድግዳው ዙሪያውን ይማገራል፣ ጣሪያው ይከደናል፤ በር ግን አይተውለትም። በቤቱ የምትኖረው ሴት ግድግዳው ሳይዘጋ ትገባና ውላ ታድርበታለች። ጎህ ሲቀድ በሩ እንዲሆን በፈለገችበት በኩል ግድግዳውን ከውስጥ ትመታለች፤ ባሏም ከውጭ ሆኖ እዚያው ላይ በመጥረቢያ ይቆርጣል። ባልየው ያን ሌሊት የትም አይሄድም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ መጥረቢያውን ታቅፎ፣ ከግድግዳው ሥር ያድራል፤ የጎረቤት ወንዶችም አብረውት ያድራሉ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቢሆን እንኳ አንዱም ተነሥቶ እሳት ዳር አይሄድም።

ሌላም ሌላም ደንብ አለን። ምድጃ ከበር ትይዩ አይቀመጥም። የተኛ ሰው እግሩን ወደ በር አይዘረጋም፤ ነገር ግን ቀና ሲል በሩን ማየት አለበት። ሸማኔ ጀርባውን ለግድግዳ እንጂ ለበር አይሰጥም። የአንዱ ቤት በር የሌላውን በር ፊት ለፊት አያይም። ደፍ ላይ ዕቃ አይከመርም። ከተማ ወርዶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ የድውር አምባ ሰው ቢኖር፣ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛውን ሲያዞር ታገኙታላችሁ። እኔም አዙሬአለሁ፤ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ አልኩ።

የጎረቤት አገር ሰዎች፣ «እነሱ እኮ በደቦ ቤት ሲሠሩ ጠላ በዝቶባቸው በር መተው ረስተው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስሕተታቸውን ባህል አሉት» እያሉ ይሥቁብናል። አንዳንድ ካህናት ደግሞ አንድ መነኩሴ ያዘዘው ሥርዓት ነው ይላሉ። አምና ሙሽራው የአጎቴ ልጅ ቤት ሲሠራ፣ ከቅዝቃዜው የተነሣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ይህን ሕግ ያወጣው ሰው እሱ ራሱ ደጅ አድሮ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሣቁ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ንገሪው» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ «እኔ አላውቅም» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ዕረፍት ነሣኝ።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ በድሮ ዘመን አምባውን ባላምባራስ ደነቀ የሚባል ባላባት ይገዛው ነበር። ቤቱ ከአምባው ራስ ላይ ነበረ። ሸማ ሳይገብሩልኝ በስውር ያወጣሉ እያለ ሰውን ሁሉ የሚጠረጥር፣ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ነበር ይባላል። በመጨረሻም የሚገባ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ከደጁ ቆሞ እንዲያይ፣ «ወደ ደጄ ያልዞረ በር የከፈተ ይቀጣል» ብሎ አሳወጀ። ያለው በር ሁሉ ተዘግቶ ወደ ላይ ተከፈተ። የገደሉ ነፋስ የሚመጣውም በዚያው በኩል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአምባው ሰው እቤቱ ተረጋግቶ መቀመጥ አቃተው ይላሉ አባቶች። ነፋሱ በበሩ ገብቶ ምድጃውን ይበትናል፣ ድሩን ይበጥሳል፣ ከተኛው ሰው ላይ ልብሱን ይገፍፋል። ጀርባቸው ለበሩ የሆነ ሸማኔዎች መወርወሪያውን በወረወሩ ቁጥር ዞር እያሉ ያያሉ፤ ዞር ሲሉም ከላይ የባላምባራስ ደጅ ያያቸዋል። ሰዎች ምግብ ጀምረው ይነሡ፣ ጨዋታ ጀምረው ያቋርጡ፣ ያለምክንያት ይጣሉ ጀመር። አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ከነቤተሰቡ ወደ ቆላ ወረደ።

በዚያ ጊዜ ከአምባው ዝቅ ብሎ ታፈረ የሚባል ሸማኔ ከሚስቱ ከእንጉዳይ ጋር ይኖር ነበር። እንጉዳይ ፈታይ ናት፤ እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። የእንጉዳይ እናት ጠጂቱም አብራቸው ነበረች፤ ደረቷን የሚያፍናት ሳል ካልጋ ካዋላት ቆይቷል። እንጉዳይ በዚያ ቤት ውስጥ እግሯ አላርፍ አላት። እንዝርቷን ይዛ ትቀመጥና ወዲያው ትነሣለች፤ ወጥታ ቆማ፣ ተመልሳ ገብታ፣ እንደገና ትወጣለች። ታፈረም ድሩ በተበጠሰ ቁጥር ይቆጣል።

አንድ ቀን በየካቲት ወር ድሩ ሲበጠስበት ከሽመናው ጉድጓድ ወጣና፣ «ይበቃል። ፋሲካ ሲያልፍ ወደ ቆላ እንወርዳለን» አለ።

«እናቴስ?» አለችው እንጉዳይ።

«ቁልቁለቱን ትችለዋለች?»

«አትችለውም።»

«እንግዲያ ከሰው ዘንድ ትቆይ።»

ጠጂቱ ከተኛችበት ሆና፣ «አይዞህ ታፈረ፣ እንደ ተሰነጠቀ ጋን ከደጅ አስቀምጠኸኝ ሂድ። ዝናብ ሲመጣ ውኃ እይዝልሃለሁ» አለችው። ታፈረ የተበጠሰውን ድር ሊቀጥል ተመለሰ። እንጉዳይ ግን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ ባሏን ብትከተል እናቷን ጥላ ልትሄድ ነው፣ ከእናቷ ብትቀር ቤቷ ሊፈርስ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ነፋሱ በበሩ ገብቶ የምድጃውን ፍም ግድግዳው ላይ በተነውና ቤቱ ተቃጠለ። ጠጂቱን ከነአልጋዋ ተሸክመው አወጧት። ታፈረ ቤቱ ሲቃጠል በዚያው ሊሄድ አስቦ ነበር ይባላል፤ ሰው ግን የተቃጠለበትን ወገኑን ትቶ አያድርምና ጎረቤቱ ሁሉ በደቦ ወጣለት። እሱም እንቢ ማለት አፍሮ ከእነሱ ጋር እንጨት ተሸከመ።

የደቦው ዕለት ጠጂቱ፣ «ቤቴ ሲሠራ ከውስጡ ካልሆንኩ» ብላ ስላስቸገረች፣ ከወለሉ መካከል አስተኝተዋት ግድግዳውን በዙሪያዋ ሠሩት። እስኪመሽ ማገሩን ጨርሰው፣ ጣሪያውን ሣር አልብሰው፣ ወደ ባላምባራስ ደጅ በኩል ለበሩ ክፍት ቦታ ትተው፣ ጭቃውን ለነገ አሳድረው ከጎረቤት ቤት ጠላ ሊጠጡ ሄዱ። ታፈረም አብሯቸው ሄደ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን እንደ ቀሩ ነፋሱ ተነሣ። ጠጂቱ ትስል ጀመር። እንጉዳይ ነጠላዋን አውልቃ ክፍቱ ቦታ ላይ ብታንጠለጥለው ነፋሱ ነጥቆ ወሰደባት። ያን ጊዜ የተረፈውን እንጨት ሰብስባ ክፍቱ ላይ ደረደረች፣ በልጥ አሰረችው፣ የተቦካውን ጭቃ በእጇ እየዛቀች ከውስጥ መረገችው። ለዚያች ሌሊት ብቻ ነበር ያሰበችው ይባላል። ጠጂቱ ሳሏ በረደላትና እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ሊመርጉ የመጡት ሰዎች ቤቱን ዞሩት፣ ደግመው ዞሩት።

«ትናንት በር አልተውንም እንዴ?»

«ትተናል።»

«የት አለ ታዲያ?»

«ጠላው ነዋ! አንድ የረሳነው ነገር አለ ስላችሁ፣ ዝም ብለህ ጠጣ አላችሁኝ።»

እነሱ ሲሣሣቁ ጭቃ ሹሙ አያ ቢሻው ዘንጉን ይዞ ደረሰ። ማገሩ ገና ስላልተመረገ ከውስጥ ያለውን ሰው በቀዳዳው ያየዋል።

«እንጉዳይ! በሩን የት አደረግሽው?»

«የለም፣ አያ ቢሻው።»

«ወደ ባላምባራስ ደጅ ያልዞረ በር የከፈተ እንደሚቀጣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እኔ ግን ምንም አልከፈትኩም።»

 ሰዉ ሣቀ፤ ሣቁ ወሬ ሆኖ አምባውን ዞረው። አያ ቢሻው ተናዶ ሽማግሌዎችን ጠራ፤ እነሱም መጥተው ከቤቱ ፊት ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ከሳሽ ከውጭ፣ ተከሳሽ ከግድግዳው ውስጥ ሆነው ተሟገቱ።

«ክፈቺና እንደ ሰው ወጥተሽ ተሟገች» አላት አያ ቢሻው።

«በየት በኩል ልክፈተው?»

«ወደ ባላምባራስ ደጅ ነዋ!»

«በዚያ በኩል የነበረው በር ነው ቤቴን ያቃጠለው። እናንተ ክፈቱት፤ የከፈተው ሰው ግን ዋስ ይሁነኝ። ቤቴ ዳግመኛ ቢቃጠል ይሥራልኝ። እናቴ በብርድ ብትሞት በደሟ ይጠየቅ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰው ያለ ዋስ የማይበደርበት፣ ያለ ዋስ የማይታረቅበት አገር ነውና ጥያቄዋን ነውር ነው ማለት አልቻሉም። «በሩን የመረጠ ለቤቱ ዋስ ይሁን» ብለው ፈረዱና ወደ ባላምባራስ ላኩበት። ባላምባራስም ለአንዷ ዋስ ከሆነ ነገ የተቃጠለበት ሁሉ፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ደጁን ሊያጣብበው መሆኑን ዐወቀና፣ «የማንም ጎጆ ዋስ አልሆንም፤ ራሷ ትምረጥ፣ ዋሷም ራሷ ትሁን» አለ። አያ ቢሻው ዘንጉን ተደግፎ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ታፈረ ብቻውን ወደ ግድግዳው ቀረበ።

«መሣቂያ አደረግሽኝ» አላት።

«አላሰብኩትም ነበር።»

«ባል እያለሽ ከሹም ጋር የምትሟገችው አንቺ፤ ዋስም አንቺ። እኔ ምን ልሁን?»

«በሩን የሚቆርጠው ሁን። ነገ ጎህ ሲቀድ ግድግዳውን እመታለሁ።»

«ነገ ጎህ ሲቀድ እኔ አህያዬን ጭኜ እወርዳለሁ።»

«እዚህ ካለህ ትቆርጠዋለህ» አለችው። 

እንጉዳይ ከእንዝርቷ ፈትል መዘዘች፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ባዘቶ አሰረችና በማገሩ ቀዳዳ ፊት እያንጠለጠለች ዙሪያውን ዞረች። ፈትሉ አንዱ ዘንድ ይገረፋል፣ ሌላው ዘንድ ይወዛወዛል። እሷም እንደ ፈትሉ አላርፍ ብላ ስትዞር አመሸች። ረግቶ በተንጠለጠለበት በኩል የእናቷን መኝታ ስባ አስጠጋች። ምድጃውን ነፋስ ከማያገኘው ጥግ ተከለች። ከዚያም ዶማ አንሥታ፣ እሄዳለሁ ላላት ባሏ የሽመና ጉድጓድ ቆፈረችለት፤ ጀርባው ለግድግዳ፣ ፊቱ ገና ወዳልተከፈተው በር እንዲሆን አድርጋ። ጎህ ሲቀድ የጠዋት ፀሐይ ልትገባበት በምትችለው፣ ፈትሉም ባልተነቃነቀበት በኩል ቆማ ግድግዳውን መታች።

ታፈረ በመጀመሪያው ምት ከውጭ «አለሁ!» ብሎ መለሰ፣ መጥረቢያውንም አንሥቶ ቆረጠ። አባቶች የሚናገሩት ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ በአምባው ቤት ያደሰች ሴት ሁሉ እንደ እንጉዳይ ወደ ውስጥ እየገባች ዋስ ሆነች፣ መረጠች። ባላምባራስ ከጊዜ በኋላ ከደጁ ቆሞ የሚያየው የቤት ጀርባ ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢሆን መቆሙን ተወ ይባላል። ዛሬ ከአምባው ራስ ላይ የተናዱ ድንጋዮች አሉ፤ የሱ አጥር ነበር ይላሉ።

ታፈረ ግን እስኪያረጅ ድረስ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። በአምባው አዲስ ቤት ተሠርቶ ሴት ገባችበት በተባለ ቁጥር፣ ሳይጠራ ሲመሽ ይመጣና ከግድግዳው ሥር ይተኛል። «አያ ታፈረ፣ ባልየው አለ እኮ፣ ለምን በብርድ ይሞታሉ?» ቢሉት ጋቢውን ይከናነባል። ሽማግሌ ብቻውን ደጅ ሲያድር ማየቱ አሳፈራቸውና ባሎቹ አብረውት ማደር ጀመሩ፤ ጎረቤትም ተጨመረ፤ ልማድ ሆነ። ለምን እንደዚያ ያደርግ እንደ ነበር ሲጠየቁ አባቶች፣ «ደግ ሰው ነበራ» ይላሉ።

ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን በዚያ ጠዋት አልነበረም።

የቤታችን ሴቶች እንደሚሉት፣ እንጉዳይ መትታ ስትጠብቅ ከውጭ ድምፅ አልተሰማም። ከቁልቁለቱ በኩል አህያ ሲያናፋ ሰማች።

«ድገሚው» አለቻት እናቷ።

ደገመችው። ማንም አልመለሰም። ጠጂቱም፣ «የኔ ልጅ፣ እኔም ብሆን ተነሥቼ የምቆርጥልሽ አይደለሁም» አለች። እንጉዳይ አልቅሳለች ይባላል፤ ከዚያ ማጭዱን አነሣች። መጥረቢያው ከታፈረ ጋር ሄዷል። ልጡን በማጭድ እየበጠሰች፣ እንጨቱን በዶማ እየፈለቀቀች፣ መዳፏ ተሰንጥቆ ደሟ ማጭዱ እጀታ ላይ እየወረደ፣ ፀሐይ ሞቅ እስክትል ሠራች። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ሲሆንላት እሳት አነደደችና ለእናቷ አጥሚት ጣደች።

ታፈረ ከቁልቁለቱ አጋማሽ ዞር ሲል ያንን ጭስ አየው። ነፋስ የማይበትነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጭስ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። በር የሌለው ቤት ሁለት ሴቶች ውስጡ እያሉ ተቃጠለ ብሎ አህያውን ከነጭነቱ ጥሎ፣ መጥረቢያውን ብቻ ይዞ ሽቅብ ሮጠ። ሲደርስ በለመደው በኩል፣ በባላምባራስ ደጅ በኩል ሄደ፤ ግድግዳ ሆነበት። «እንጉዳይ! እንጉዳይ!» እያለ ግድግዳውን እየደበደበ ሮጠ።

ጠጂቱ ከውስጥ፣ «ታፈረ፣ ታቦት የገባበት መሰለህ እንዴ የምትዞረው? በዚያኛው በኩል ና!» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ገባ። ምድጃውን አየ፣ አማቱን አየ፣ የተቆፈረውን ጉድጓድ አየ። እግሩን ሰድዶ ጉድጓዱ ላይ ተቀመጠ፤ ቀና ሲል ፊቱ በሩ ነው።

«ማን ቆረጠው?» አለ።

«እኔ።»

«ጠርተሽኝ ነበር?»

«ደግሜ ነው የመታሁት።»

ታፈረ መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «ሚስቱ ስትጠራው ያልነበረ ሰው ይሉኛል። ከዚህ አምባ ሰው ፊት እንግዲህ በምን ዓይኔ ልቆም ነው?» አለ። እንጉዳይም እሱ ከመጣበት ይልቅ ፈጥኖ ሊሄድ እንደሚችል ዐወቀች።  አጥሚቱን ቀዳችለት። እሱ ከጠጣ በኋላ ወጥቶ አህያውን አምጥቶ ጭነቱን አራገፈ፤ ዓይኑ ግን ቁልቁለቱን ሲያይ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ሊጠሯት መጡ። አዲሱን በር ሲያዩ፣ «ውይ፣ እንዲህ ነው እንዴ የተሠራው? አይጥ ያኘከው ነው የሚመስል! ማን ነው የቆረጠው?» አሉ። ታፈረ ከውስጥ ከሽመናው ጉድጓድ ተቀምጦ ነበር፤ መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ። እንጉዳይ የተሰነጠቀ መዳፏን በጨርቅ ጠቀለለች፣ እንስራዋን አዘለች፣ ጎንበስ ብላ ወጣች።

«ታፈረ ነዋ። ገና ሳልመታው አይደል እንዴ 'አለሁ' ያለኝ!» አለቻቸውና ከፊታቸው ቀድማ ወደ ምንጩ ወረደች።